የአባቶች ካብና የቦታ ስሞች፦ መመዝገቡ የእኛ ግዴታ ነውን?

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 31 ያዕቆብና ላባ የድንጋይ ክምር አቁመው፣ አንዱ ወደ ሌላው ለክፋት እንዳይሻገር ቃል ኪዳን ሲጋቡ እናነባለን። ላባ ክምሩን በቋንቋው ይጋርሠሀዱታ አለው፤ ያዕቆብ ደግሞ በራሱ ቋንቋ ገለዓድ አለው። ቅዱሱ ጸሐፊ አንዱን መርጦ ሌላውን አልሰረዘም፤ ሁለቱንም ጻፈ። የቁምስናን የቦታ ስሞችና የጥንት ካቦች መመዝገብ ለመንፈሳዊ ሥራችን ባዕድ መስሎ ለሚታያቸው ምእመናን ይህን ማስታወስ እንወዳለን።

በዳውሮ ምድር ከካቲ ሐላላ ስም ጋር ተያይዞ የሚነገረው ካብ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ የተሠራ ነው። ከኦሞ ወንዝ ማዶ በወላይታም በካዎ አማዶ ስም የሚጠራ ካብ አለ። የአንዱ መጠበቂያ ለሌላው መከልከያ ነበረ፤ እንግዲህ አንዱ ወገን በኩራት የሚያነሣውን ቦታ ሌላው በሐዘን ቢያነሣው አያስደንቅም። መዝጋቢው ታዲያ የማንን ቃል ይጻፍ? እንደ እኛ አሳብ የሁለቱንም፤ ተናጋሪው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነም ጭምር። አንዱን ብቻ መጻፍ በሐሰት የመመስከር ያህል ነው።

ጊዜውም አይጠብቀንም። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ መያዝ ከጀመረበት ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው የኦሞ ሸለቆ ሐይቅ ሆኗል። መብራቱን አንነቅፍም፤ ለአገር የሚጠቅም ሥራ ነው። ነገር ግን ከውኃ በታች የቀረ ቦታ ስሙ የሚኖረው በሽማግሌዎች አፍ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄም አለ። ድኻ ገበሬ ለቤቱ መሠረት ከካቡ ድንጋይ ቢያነሣ ምን እንበለው? የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ማፍረስ ይከለክላል፤ የሰውየው ችግር ግን እውነተኛ ነው። ሕግ ጠቅሶ መገሠጽ ቀላል ነው። እኛ ግን ወጣቶቻችን ከወንዝ ዳር ድንጋይ ተሸክመው ቢያደርሱለት፣ ከዚያ በኋላ ስለ ካቡ የሚነግሩትን ይሰማቸዋል እንላለን።

ደግሞም ታሪክ ሲጠየቅ የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ የትልቅ ጎሣ ሽማግሌ ነው። ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ማንጃ ተብሎ ከማዕድ የተለየው ወንድማችን አይጠየቅም። ካብ የሚነገረው በንጉሥ ስም ነው፤ ድንጋዩ ግን በብዙ ትከሻ ወጣ። ሴቶችም ምንጩንና የእንጨት መልቀሚያውን ከወንዶች ይልቅ በስም ያውቃሉ። አንድ ስፍራ የተናቁትን የሚያዋርድ ስም ይዞ ቢገኝስ? ከመዝገቡ አንፋቀው፤ ነገር ግን ነዋሪዎቹ ራሳቸው ስፍራውን ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቀን በፊቱ እናስቀድመው።

ሥራውን ከክርስትና መዝገባችን ልንጀምር እንችላለን። የሕፃናቱ መንደር በየዘመኑ በነበረው ካህን ጆሮ ልክ ተጽፏል፤ አንዱ መንደር በሦስት ዓይነት ፊደል ቢገኝ አይግረመን። የአማርኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ስለማይለይ፣ ካቴኪስቱ ስሙን በመንደሩ ሰው አፍ ደጋግሞ ያሰማ፤ በዳውሮኛ የሚጽፍ ተማሪም አጠገቡ ይኑር። በእያንዳንዱ ስም ትይዩ የተናጋሪው ስምና ቀኑ ይጻፍ፤ ከሥሩም ገና ላልተጠየቀው ሰው አንድ መስመር ባዶ ይተውለት።