ስለ ሰላማዊ ሰው መማለድ ከማን ጋር መቆም ነው?

በቅርብ ዓመታት በአገራችን ጦርነት በተነሣ ቁጥር በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዋሽንግተንና በለንደን አደባባዮች ወጥተው «ጫና ይደረግ» ሲሉ አይተናል። ወዲያው ሙግት ይከተላል። አንዱ «ይህ የቤትን ገመና ለባዕድ ማውጣት ነው» ይላል፤ ሌላው «ሰው እያለቀ ዝም ማለት ነው ክህደቱ» ብሎ ይመልሳል። ጦርነቱ ወደ ሌላ አካባቢ ሲዞር ደግሞ ትናንት ጫና የጠየቀው ስለ ሉዓላዊነት ይሟገታል፤ ስለ ሉዓላዊነት ሲሟገት የነበረው ሰልፍ ይወጣል። ሰላማዊ ሰው ዒላማ መሆን እንደሌለበት በቃል ሁሉም ይስማማል። እኔን እረፍት የነሣኝ ሌላ ነው፦ በጥይት መሀል ለቀረ ሰው መማለድና ለታጣቂው ባንዲራ መማለድ በእርግጥ ሊነጣጠሉ ይችላሉ ወይ?

ጥያቄውን ገና ባልሻረ ቁስላችን ላይ ማንሣት ይከብዳል። ስለዚህ የእኛ ወዳልሆነ፣ የሽምግልናው ወንበር ግን አዲስ አበባ ወደነበረ ጦርነት ልሂድ፤ ወደ ቢያፍራ። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1966 በሰሜን ናይጄሪያ ይኖሩ የነበሩ የምሥራቅ ተወላጅ ኢግቦዎች በብዛት ተጨፈጨፉ። በተከታዩ ዓመት ሜይ ወር የምሥራቁ ክልል ገዥ ኮሎኔል ኦጁኩ ክልሉን ቢያፍራ ብሎ ነጻነቱን አወጀ፤ በጁላይ ጦርነቱ ተጀመረ። በሴፕቴምበር ኪንሻሳ ላይ የተሰበሰበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስድስት መሪዎች ያሉበት ኮሚቴ ሰየመ፤ ሰብሳቢው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ኮሚቴው ሲሰየም ግን ፍርዱም አብሮ ተሰጠ። ጉባኤው መገንጠልን አወገዘ፤ ለናይጄሪያ የግዛት አንድነት መቆምም የተልእኮው አካል ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ከ1961 ጀምሮ በኤርትራ የትጥቅ ትግል ስለነበረባቸው የመገንጠል ነገር ለእርሳቸው የሩቅ ጥያቄ አልነበረም። በ1936 ጄኔቫ ላይ ቆመው በሕዝባቸው ላይ ስለ ዘነበው የመርዝ ጋዝ ለዓለም አቤት ያሉትም እኚሁ ሰው ናቸው። ሐዘናቸው እውነተኛ አልነበረም ለማለት የሚያበቃኝ ምክንያት የለኝም። ስሕተቱን የማየው በአሠራሩ ላይ ነው። የተራበው ሕፃን እህልና የናይጄሪያ ድንበር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቀረቡ፤ እህሉም ድንበሩ እስኪወሰን እንዲጠብቅ ሆነ። በኦገስት 1968 ኦጁኩ ራሱ አዲስ አበባ መጣ፤ የናይጄሪያን ፌዴራል መንግሥት ልዑካን የመራው አንቶኒ ኢናሆሮ ነበር። ንግግሩ ሳምንታት ፈጅቶ ያለ ስምምነት ተበተነ።

የታንዛኒያው መሪ ጁሊየስ ኔሬሬ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ተቃራኒውን አደረጉ። ዜጎቹን መጠበቅ ያቃተው መንግሥት አንድነትን በጉልበት ሊጭንባቸው አይገባም ብለው ለቢያፍራ ዕውቅና ሰጡ። ልቤ ወደ እርሳቸው ያደላል። ነገር ግን ያንኑ ቋጠሮ በሌላው ጫፍ አጠበቁት፤ ለተራበው መድረስ ባንዲራ መቀበል መሰለ።

«ጫና ይደረግ» በሚለው ላይ ከሁሉ የከበደኝ መቃወሚያ ይህ ነው፦ ብርቱውን መግታት ጦርነቱን ያስረዝማል፤ የረዘመ ጦርነት ደግሞ የበለጠ ሰው ይፈጃል፤ ስለዚህ ለሰላማዊ ሰው የሚያዝን ድሉ ቶሎ እንዲመጣ ይመኝ። ይህን የሚሉ ሁሉ ጨካኞች አይደሉም።

የመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው። ቶሎ ያልቃል የሚለው የተዋጊው ግምት ነው። የፌዴራሉ መንግሥት መቀመጫ የነበረችው ሌጎስ ጦርነቱን «የፖሊስ እርምጃ» ብላ ጀመረችው፤ 30 ወር ፈጀ። ለአጭር ጊዜ ነው ተብሎ የተፈቀደው የቢያፍራ ከበባ የረጅሙ ጦርነት ዋና ገዳይ ሆነ። የሟቾቹ ግምት ከ500 ሺህ እስከ 3 ሚሊዮን ይደርሳል፤ አብዛኞቹን የጨረሰው ረሃብ ነው።

መቃወሚያው ግን በዚህ አይረታም። ፖርት ሃርኮርት በሜይ 1968 ስትወድቅ ቢያፍራ ከባሕር ተቆረጠች። ከዚያ በኋላ 20 ወራት ያቆያት ከአውራ ጎዳና የተሠራው የኡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አብያተ ክርስቲያናት የሚልኩት የዱቄት ወተትና የደረቀ ዓሣ፣ ከፈረንሳይ በጋቦን በኩል የሚመጣው መሣሪያም በአንድ ጨለማ፣ በአንድ አስፋልት ላይ ይወርዱ ነበር። የእርዳታ ድርጅቶቹ እዚያ የሚመነዝሩት የውጭ ምንዛሪም ለኦጁኩ መንግሥት ጠቅሟል። ርኅራኄው ጦርነቱን አላስረዘመም ብዬ ልምል አልችልም።

እንግዲህ ሕፃኑን አታብሉት ልበል? አልልም። መቃወሚያው እስከ ጫፉ ሲሄድ የሚለው የልጅ ረሃብ አባቱን ማንበርከኪያ ይሁን ነው፤ ከፌዴራሉ ባለሥልጣናትም ረሃብ የጦርነት መሣሪያ ነው ብለው በግልጽ የተናገሩ ነበሩ። ነገር ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ እየተራቡ ለምን እጅ አልሰጡም? የመሪያቸው እልከኝነት አንዱ ምክንያት ነው። ትልቁ ምክንያት ግን ፍርሃት ይመስለኛል። የ1966ቱን ጭፍጨፋ ያየ፣ በኦክቶበር 1967 የፌዴራል ወታደሮች አሳባ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንዶችን ሰብስበው እንደ ገደሉ የሰማ ሰው «እጄን ብሰጥ ያልቅልኛል» ቢል አይፈረድበትም። የፌዴራሉ መሪ ጄኔራል ጎዎን የሰጡት የደኅንነት ቃል ምንም ያህል ቅን ቢሆን የተኳሹ ቃል ነው። በ1968 መጨረሻ ገደማ የእንግሊዝ፣ የካናዳ፣ የስዊድንና የፖላንድ፣ ከአፍሪካ አንድነት ድርጅት ደግሞ የኢትዮጵያና የአልጄሪያ ታዛቢዎች ሄደው የዘር ማጥፋት ማስረጃ አላገኘንም አሉ። የጋበዛቸው ሌጎስ ነበር፤ የተዘዋወሩትም በፌዴራሉ በኩል ነው። ከበባ ውስጥ ያለው ሰው አላመናቸውም። በጃንዋሪ 1970 ጦርነቱ ሲያበቃ የተፈራው እልቂት አልደረሰም፤ ጎዎን «አሸናፊም ተሸናፊም የለም» ብለው ምሕረት አደረጉ። ያ ዋስትና ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከሚታመን አንደበት ቢሰማ ኖሮ ስንቱ ይተርፍ ነበር?

እዚህ ስደርስ «ጫና ይደረግ» የሚለው ጩኸት ጠበበብኝ። እጅ መስጠት ሞት እንዳይሆን የሚያደርግ ጫና አለ፤ እምቢታውን ብቻ የሚቀልብ ጫናም አለ። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያውን የምጠይቀው አስቀድሞ እጁን ካስገባ መንግሥት ነው። እንግሊዝ ለሌጎስ መሣሪያ ትሸጥ ነበርና «እጅሽን ሰብስቢ፣ ወይም በምትሸጪው ልክ ጠይቂ» ማለት አዲስ ጣልቃ ገብነት መጋበዝ አይደለም። የለንደን መልስ «እኛ ብንወጣ ሶቪየቶች ይተኩናል፤ የመደመጥ ዕድላችንም ይቀራል» የሚል ነበር። ይህ ከንቱ ሰበብ አልነበረም። ገበያዎችን የደበደቡት ቦምብ ጣዮች የሶቪየት ኢሊዩሺኖች ነበሩ፤ አብራሪዎቹም ግብጻውያን። ለንደን ብትወጣ እነርሱ በቆሙ ነበር ለማለት አልደፍርም። ሆኖም የመደመጥ ዕድል አለኝ የሚል መንግሥት በዚያ ዕድል ምን እንደ ጠየቀ፣ ምን መልስ እንዳገኘ ለሕዝቡ መናገር ይገባዋል፤ ሰልፈኛውም ይህንኑ ነጥብ ይዞ መቆም ይችላል።

ያው ሚዛን ወደ ሌላውም ይዞራል። በሴፕቴምበር 1969 ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል የእርዳታ በረራው በቀን እንዲሆን ከሌጎስ ጋር ተስማማ። ኦጁኩ፣ የፌዴራሉ ጦር በበረራው ተጠልሎ ኡሊን ያጠቃል ብሎ ሰግቶ እምቢ አለ። ስጋቱ መሠረት ነበረው፤ እምቢታው ግን የተራበውን ሕዝብ እህል አስቀረበት። ያን ጊዜ ሊጫኑት ይችሉ የነበሩት የሚረዱት ናቸው፦ ፓሪስ፣ የጋቦኗ ሊብረቪል፣ የአይቮሪ ኮስቷ አቢጃን። ለንደን ለሌጎስ መሣሪያ እንዳትሸጥ እየጮኸ፣ ፓሪስ ኦጁኩን የቀን በረራውን እንዲቀበል እንድትጫነው ያልጠየቀ ሰው ስለ ሰላማዊው ሰው እየማለደ ነበር ለማለት እቸገራለሁ።