አቤቱታ ይቆጠራል ወይስ ይመዘናል?

«በሕግ አምላክ!» የሚለው ሰው አንድ ነው። ድሮ ይህ ቃል ሲጠራ የሚሮጠው ሰው እንኳ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር ይባላል። ያስቆመው የጠሪዎቹ ብዛት አይደለም፤ የተጠራው ሕግ ከጠሪውም ከተጠሪውም በላይ መሆኑ ነው። ዛሬ ግን ነገር ሁሉ «ስንት ሰው ጮኸ?» እየተባለ የሚለካበት ዘመን ላይ ነንና አንድ ጥያቄ ይገጥመናል፤ የብዙ ሰው ቁጣ ብቻውን ፍርድ ይሆናል ወይ? የአንድ ሰው እሮሮስ አንድ ስለሆነ ይናቃል ወይ?

ጥያቄውን አየር ላይ እንዳንተወው፣ አየሩን የሚዳኝ መሥሪያ ቤት እንመልከት። በእንግሊዝ አገር ኦፍኮም የሚባል የብሮድካስት ተቆጣጣሪ አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ለራዲዮና ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ፈቃድ ይሰጣል፤ ቅሬታም ይቀበላል። አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አቤቱታው ሲደርሰው በመጀመሪያ ነገሩ ደንብ የሚነካ መሆን አለመሆኑን ያያል። የሚነካ ከመሰለው ምርመራ ይከፍታል፤ ጣቢያውንም «ምን መልስ አለህ?» ይለዋል። ከዚያ ውሳኔውን ከነምክንያቱ አትሞ ያወጣል። ጥፋቱ ከባድ፣ ሆን ተብሎ ወይም ተደጋግሞ የተሠራ ከሆነ ጣቢያው የተወሰነበትን ራሱ በአየር ላይ እንዲያሰማ ያዛል፤ ገንዘብ ይቀጣል፤ ሲብስም ፈቃዱን ይነጥቃል።

እስቲ ሁለት ጉዳዮች ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በ2021 እ.ኤ.አ. ፒርስ ሞርጋን የተባለው የቴሌቪዥን አቅራቢ፣ የልዑል ሃሪ ባለቤት ሜገን ስለ መንፈስ ጭንቀቷ የተናገረችውን «አላምንም» አለ። ከ50 ሺ በላይ ሰዎች አቤት አሉ። መሥሪያ ቤቱ ይህን ያህል ቅሬታ በአንድ ፕሮግራም ላይ አይቶ አያውቅም ነበር። ውሳኔው ግን «ደንብ አልተጣሰም» የሚል ሆነ። ለምን ቢባል፣ ሰው ያላመነውን አላምንም የማለት ነፃነት አለው፤ በዚያው ፕሮግራም ላይም ሌሎች ፊት ለፊት ሞግተውታል።

ሁለተኛው ጉዳይ የአንድ ሰው ነው። ማዚያር ባሃሪ የተባለ ጋዜጠኛ በ2009 እ.ኤ.አ. ኢራን ውስጥ ታስሮ ሳለ ቃለ መጠይቅ ተደረገለት። ፕሬስ ቲቪ የተባለው የኢራን ጣቢያ፣ ሰውየው ተገዶ መናገሩን ለተመልካች ሳይገልጽ አስተላለፈው። ባሃሪ ከእስር ወጥቶ ለኦፍኮም አመለከተ። በ2011 ተፈረደለት፤ ጣቢያውም 100 ሺ ፓውንድ ተቀጣ። ነገሩ ሲመረመር ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ፤ ፈቃዱ ያለው ለንደን፣ ፕሮግራሙን የሚያዘው ግን ቴህራን። «ይህን አስተካክሉ» ቢባሉ አላስተካከሉም፣ ቅጣቱንም አልከፈሉም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኸው ነው። በጥር 2012 እ.ኤ.አ. ፈቃዱ ተነጠቀ።

ታዲያ ሃምሳ ሺው ሰው በከንቱ ጮኸ ማለታችን ነው? አይደለም። ብዛቱ ሕመም መኖሩን ይናገራል፣ መዝገብም ያስከፍታል። በደል መፈጸሙን ግን በራሱ አያስረዳም። ባሃሪ በበኩሉ ከጀርባው ሰልፈኛ አልነበረውም፤ የነበረው በአስገዳጆቹ ፊት የተነጠቀው የራሱ አንደበት ነው። ያንን የሚመዝን ዳኛ ማግኘቱ ነው ትልቁ ነገር።

ይሁንና ሚዛን ያዡንም መመዘን አለብን። በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ.፣ የዩክሬን ጦርነት በጀመረ በሳምንታት ውስጥ፣ ኦፍኮም የሩሲያውን አርቲ ፈቃድ ነጠቀ። በዚያ ጊዜ በጣቢያው ላይ የተከፈቱ 29 ምርመራዎች ገና አላለቁም ነበር። የተሰጠው ምክንያት ቀላል አይደለም፤ የጣቢያው ገንዘብ ከሩሲያ መንግሥት ነው፣ ሞስኮ ያወጣችው አዲስ ሕግም ገለልተኛ ጋዜጠኝነትን ወንጀል አድርጎታል፤ ስለዚህ ጣቢያው ደንባችንን ማክበር አይችልም የሚል ነው። ይህን እንቀበላለን። ግን ተጠየቅ! ስለተናገረው ነገር የተጀመረው ሙግት ሳያልቅ ስለ ማንነቱ ከተፈረደበት፣ የዘመኑ ቁጣ ዳኛው ወንበር ላይ አልተቀመጠም ብለን በምን እንተማመናለን? ፈቃድ ሲነጠቅ አፍ ብቻ አይዘጋም፤ ጆሮም ይዘጋል። ተመልካቹም የሚያጣው ነገር አለ። ስለዚህ ትልቁ ቅጣት ከሙግቱ ማለቂያ በኋላ ቢመጣ ይሻላል እንላለን፤ ተከሳሹ የምንጠላው ሲሆን ደግሞ ይበልጡን።

ነገሩ የለንደን ብቻ እንዳይመስለን። እኛ ተማሪዎች በየስብሰባችን ጭብጨባ ቆጥረን የምንፈርድበት ቀን ስንት ነው? ጥግ ተቀምጦ እጁን ያወጣውን አንዱን ልጅ «ጊዜ የለም» ብለን ያሳለፍነውስ? ዳኝነትን በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ብቻ አንፈልገው። እስቲ በሚቀጥለው ስብሰባ ያ ልጅ እጁን ሲያወጣ፣ አዳራሹ ቢያጉረመርምም፣ ቃሉን እስከ መጨረሻው እንስማው። ከዚያ እንሟገተው።