የስኒው አፍ ክብ ነው?

ሥዕል መማር የጀመረ ሰው ስኒ ንደፍ ሲባል የሚሠራው ስሕተት የታወቀ ነው። አፉን ክብ አድርጎ ይከፍተዋል፤ ግርጌውን በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ያደርገዋል። የስኒ አፍ ክብ መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃላ! ረከቦት ላይ ሳይወላገድ የሚቀመጠውም ግርጌው ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው። ሁለቱም ዕውቀት ትክክል ነው። እሱ ከተቀመጠበት ቦታ ሲታይ ግን አፉ ጠበብ ያለ ሞላላ ነው፤ ግርጌውም ወደ ታች ጎበጥ ይላል። የልጁ ዓይን ጤነኛ ነው፣ እጁም አልሰነፈም፤ ያሳሳተው የሚያውቀው ነገር ነው። እንግዲህ ጥያቄው ከእጅ ማፍታታት አልፎ የፍልስፍና ይሆናል፤ ያወቅነው ነገር እንዳናይ ሊጋርደን ይችላል ወይ? ይችላል ባይ ነኝ። የተማሪ የንድፍ ደብተር ዋና ጥቅሙም ይህን ግርዶሽ ገጽ በገጽ ማጋለጡ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከ2,300 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ፕላቶ በ«ሪፐብሊክ» 10ኛ መጽሐፍ ሰዓሊን ከእውነት አርቆ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያስቀምጠዋል፤ አናጺው አልጋውን ይሠራል፣ ሰዓሊው ግን አልጋው ከአንድ ወገን የሚታየውን መልክ ብቻ ይቀዳል። መልክን መከተል ደግሞ መታለል ነው። ንድፉ ስለ ስኒው ብቻ የሚናገር ቢሆን ኖሮ ፕላቶ ይረታን ነበር። ነገር ግን ተማሪው አንገቱን ቀና ሲያደርግ ሞላላው ይሰፋል፤ ጎንበስ ሲል ይጠባል፤ ዓይኑ ከስኒው ከንፈር ትክክል ሲሆን አንድ መስመር ሆኖ ይቀራል። ስኒው ንቅንቅ አላለም። የተለወጠው የተመልካቹ ቦታ ነው፤ ንድፉም የሚመዘግበው በተመልካቹና በዕቃው መካከል ያለውን ርቀትና ከፍታ ነው። የሚያየው መልክ ከቆመበት ቦታ እንደሚመጣ የተረዳ ሰው፣ የራሱን እይታ ከነገሩ ጋር አንድ አድርጎ ከሚቆጥር ሰው ያነሰ ይታለላል። ደግሞም ፕላቶ ራሱ በዚያው መጽሐፍ ዓይን ሲያታልል መድኃኒቱ መለካት፣ መቁጠርና መመዘን መሆኑን ይናገራል። ክንዱን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የስኒውን ቁመት በእርሳሱ የሚለካ ተማሪ ከዚህ የተለየ ምን እያደረገ ነው?

ከቤታችን የሚነሣው ተቃውሞ ይከብዳል። አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ከመክፈታቸው በፊት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊዎች ስኒም ሆነ ሰው ፊታቸው አስቀምጠው መንደፍ ሳያስፈልጋቸው ለዘመናት ሲሥሉ ኖረዋል። ጻድቁን ሁለት ዓይኑን አሳይተው ፊት ለፊት፣ ክፉውን አንድ ዓይኑን አስቀርተው በጎኑ ይሥሉታል። የሣሉት የሚታየውን አይደለም፤ የሚታመነውን ነው። ታዲያ «አይተህ ንደፍ» የሚለው ትእዛዝ የባዕድ ሚዛን አይሆንም? በከፊል ይሆናል። ቅዱስ ሥዕል «ከዚህ ቦታ እንዴት ይታያል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊሆን አልተሠራም፤ እዚያ የሚመለከተው ቅዱሱ ነው፣ የሚታየው ምእመኑ ነው። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ የሞሉትን የመላእክት ፊቶች በጥላና በርቀት ሕግ አርሞ ማርክ የሚቀንስ መምህር ቢገኝ የሳተው እሱ ነው። ይሁን እንጂ እነዚያ ሰዓሊዎች አያዩም ነበር ማለት ስሕተት ነው። ፊት ወደ ጎን ሲዞር አንዱ ዓይን እንደሚሰወር ያስተዋለ ሰው ብቻ ነው ያን መሰወር ለፍርድ ሊጠቀምበት የሚችለው። በ17ኛው መቶ ዘመን መባቻ ግድም የሮማዋ የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል ግልባጭ በኢየሱሳውያን በኩል ሲደርሳቸው ያደረጉትንም እንመልከት። የእመቤታችንን የተጣመሩ እጆች ያዙ፤ በእጇ ያለችውን መሐረብ እንኳ አልጣሏትም። የልብሱን እጥፋት ግን በራሳቸው መስመር አስተካክለው ሠሩት። የቱን መያዝ፣ የቱን መለወጥ እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው አንገቱን ደፍቶ የገለበጠ አይደለም፤ አተኩሮ ያየ ነው። የሚያዩት ሥዕል ይሁን ስኒ፣ ማየቱ ያው ማየት ነው።

ስልክ እያለ ምን አደከመን ለሚሉ መልሱ አጭር ነው፤ ስልኩ ስኒውን ቀርጾታል፣ ተማሪው ግን አላየውም።

ችግሩ ደብተሩ ማርክ ሲያዝበት ይመጣል። ንጹሕ ገጽ እንደሚወደድ የገባው ተማሪ ያልሠመረለትን ገጽ ይቀድዳል፤ የወሩን ንድፍ በማስረከቢያው ዋዜማ ከፎቶ ላይ ይጨርሳል፤ በመጨረሻም «ከዚህ ሥራ ብዙ ተምሬአለሁ» የሚል አንድ ገጽ አስተያየት ያያይዛል። ያ ገጽ ሳይነደፍም ሊጻፍ ይችል ነበር። «ያለ ማርክ ማን ይለማመዳል?» የሚለው ሙግት ግን ውሸት አይደለም፤ ስንፍና አለ። ሆኖም ልምምድን ያለ ጌጥ ማስገደድ እንደሚቻል የቅኔ ቤት ያሳየናል። ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ በየዕለቱ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ይነቅፋል፣ ያቀናል፤ የትናንቱን ዛሬ ይዞ መቅረብ የለም። ልኩ ያው ነው፣ ቅኔው አዲስ ነው። ንድፍም እንዲህ ቢሆን ምን ይጎድልበታል? ስኒው ያው ይሁን፤ መልኩ ግን ዛሬ እንደ አዲስ ይታይ።

ስለዚህ የሥዕል መምህራንን የምጠይቀው ይህን ነው። ለገጹ ውበት ማርክ አትስጡ፤ ተማሪው ወደዚያው ዕቃ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ ተመልከቱ። «ምን ተማርክ?» የሚለውን ጥያቄ ተዉትና ሁለተኛው ንድፍ ከፊተኛው በየትኛው መስመር እንደተለየ፣ ለምን እንደተለየም አስጽፉት። ደብተሩንም ምንም ገጽ ሳይቀደድለት ተቀበሉት።