ማረጋጋት ወይስ ዝም ማሰኘት?

የታወከ ቤተሰብ ሲጮህና ሲወራጭ በ101 ደውለን አምቡላንስ እንጠራለን። ባለሙያው መርፌ ሲያነሳ ግን ልባችን ያመነታል፦ ራሱ እሺ ያላለውን ሰው በመድኃኒት ማስተኛት ርኅራኄ ነው ወይስ ግፍ?

በእኛ አስተያየት መልሱ፣ መርፌው ለማን ጥቅም ተወጋ በሚለው ላይ ነው። ሰውን የሚያውከው የስኳር ማነስ፣ የኦክስጅን እጥረት ወይም የጭንቅላት ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ መንስኤውን ሳይፈልጉ ዝም ማሰኘት ሕመሙን መሸፈን ነው። ጥንቃቄ የጎደለው መርፌ ደግሞ ይገድላል። በ2019 በአሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ የ23 ዓመቱ ኢላይጃ ማክሌይን ፖሊሶች በካቴና አስረውት ሳለ ለክብደቱ የበዛ ኬታሚን፣ 500 ሚሊግራም ተወግቶ ከቀናት በኋላ ሞተ። በ2023 ሁለት የአምቡላንስ ባለሙያዎች ጥፋተኛ ተባሉ።

በአግባቡ ሲሠራ ከመርፌ በፊት መልካም ቃል ይቀድማል፤ መጠኑ በክብደት ይለካል፤ በሽተኛው በደረቱ አይደፋም፤ ትንፋሹ እስከ ሆስፒታል ይጠበቃል።

ዕብራይስጥ ለማይችል ወገናችን «አይዞህ» የምንለው እኛ ነን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ስለዚህ ያለበትን ሕመም፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የጠጣውንም መጠጥ ሳናፍር እንንገር። መናገር ላቃተው አንደበት እንሁነው።