ደመወዝ የሌላት ወር

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀበና ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ 22 ዓመት የሰው ደመወዝ ሳሰላ ኖሬአለሁ። ጳጉሜን በመጣች ቁጥር አንዱ ቢሮዬ ብቅ ብሎ «የጳጉሜ የለም እንዴ?» ሳይል አይቀርም። የለም። የወር ደመወዝተኛ እነዚያን ቀናት የሚሠራው በነጻ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ከዓመት ፈቃዴ ላይ 3 ቀን ተኩል ወስጄ፣ ድጅኖ ይዤ ተራራ ወጣሁ። አለቃዬ ቅጹን ሲፈርም «ሰው ፈቃድ የሚወጣው ሊያርፍ ነው» አለኝ። አዋጅ 1156/2011 ለአንደኛ ዓመት ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ምን ሠራህበት ብሎ ግን አይጠይቅም።

ነገሩን የጀመረው ቨርጂኒያ የሚኖረው ያክስቴ ልጅ ነው። እዚያ አፓላችያን የሚሉት 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የእግር መንገድ አለ፤ በአብዛኛው የሚጠግኑት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የዕረፍት ሳምንቱን ድንኳን ውስጥ እያደረ ድንጋይ ሲፈነቅል መክረሙን ሲነግረኝ ስቄበት ነበር።

እኛ ልንጠግነው የወጣነው ደግሞ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ በባሕር ዛፉ መሐል ሽቅብ የሚወጣ ቀጭን መንገድ ነው። መሐንዲስ አልቀየሰውም፤ እንጨትና ቅጠል ተሸካሚ ሴቶች በእግራቸው ያወጡት ነው። ባሕር ዛፍ ሥር ሣር እንደልቡ ስለማይበቅል ክረምት ላይ ጎርፉ ቀዩን አፈር እየላጠ ወደ ቀበና ወንዝ ያወርደዋል። መጀመሪያ ውሃውን ከመንገዱ ማስወጣት ያስፈልጋል። ረጅም ድንጋይ መንገዱን በሰያፍ አቋርጦ ይቀበራል፣ ዝቅ ያለው ጫፉ ወደ ገደሉ ወገን ይሆናል፤ ጎርፉ ሲመታው ወደ ጎን ይፈሳል። ቀጥ አድርገህ ካጋደምከው ደለል ይሞላውና ውሃው በላዩ ያልፋል። ይህን ያስተማረን የሰፈራችን ግንበኛ ነው፤ እሱ ባይኖር አብረን የወጣነው ስድስታችን ጭቃ ስናማስል በዋልን።

ከዚያ የቀኑ ጣጣ መጣ። ጳጉሜን 1 ቅዳሜ ዋለች፣ 2 እሑድ፣ 3 ደግሞ ሩፋኤል፣ ሕፃናት በዝናቡ የሚታጠቡበት ቀን። ቅዳሜን ሰንበት አይደለም የሚል ካለ፣ የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ስንት እንደተንገላቱበት፣ በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጉዳዩን እንዴት እንዳስወሰኑ ያንብብ። እናቴ ሳታነብም ታውቃለች። «በሰንበት መሬት አይወጋም» ብላ ድጅኖዬን አልጋዋ ሥር ደበቀችው።

ነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«እድራችሁ እሑድ ሰው ሲሞትበት መቃብር አይቆፍርም?» አሉኝ።

«ይቆፍራል፣ አባቴ።»

«ቤተ ክርስቲያናችን ሲሠራ በሰንበት ድንጋይ አልተሸከምሽም?»

«ተሸክሜአለሁ።»

በሰንበት ጉድጓድ ስለገባው በሬ የተጻፈውንም አስታወሱኝ። «ሰንበት የሚጠላው ትርፍሽን ነው፣ ልጄ። ለራስሽ የማትቆጥሪው ከሆነ ሂጂ።»

እኔ ደግሞ እንጀራዬ መቁጠር ነው። ቅዳሜ 11 ድንጋይ ቀበርን፤ ቆጥሬአለሁ። ፎቶ አንስቼ ለቨርጂኒያው ላክሁ። የስፖርት ጫማ አድርገው የሚወጡ ልጆች «ጽድቅ ነው፣ እትዬ!» ብለውን ሲያልፉ ያንንም መዘገብኩት፤ በላይኛው መዝገብ ገቢ ይደረግልኝ ይሆን ብዬ ሳስብ ራሴን ያዝኩት። ደመወዝን በፊት በር ብትከለክላት በጓሮ ትገባለች። ጽድቅ እያሉ የሚያስቡት ላብ ከወር ደመወዝ በምን ይለያል? የሚከፈልበት ቀን በመራቁ? ቀኝህ የሚሠራውን ግራህ አትወቅ የሚለው ትእዛዝም ለእኛ አልተመቸም፤ ድጅኖ የሚያዘው በሁለት እጅ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳገቱ ላይ የሠራናቸውን 9 ደረጃዎች እያየን ቆመን ሳለ አንዲት እናት ከላይ መጡ። የተሸከሙት ቅርንጫፍ ከኋላቸው መሬት እየጠረገ ነው። አንገታቸው ላይ ጥቁር ማተብ አለ፤ እሑድ መሆኑን እሳቸውም አላጡትም። ደረጃው ጫፍ ላይ ቆም አሉና ዞር ብለው ጎርፍ በቦረቦረው በአሮጌው መንገድ ወረዱ።

«እናቴ፣ በደረጃው ይውረዱ እንጂ» አልኳቸው።

ሸክሙን ሳይፈቱ ዳሩ ላይ ደገፍ አደረጉት። «ይኼን የሠራችሁት ባዶ ጀርባውን ለሚወጣ ነው። እኔን ጉልበቴን ይሰብረኛል።»

ግንበኛው የደረጃውን ከፍታ በስንዝሩ ለካው፤ ስንዝር ተኩል። እኛ ለራሳችን እግር ነበር የለካነው። በሰንበት መቆፈር ይቻላል አይቻልም ስንባባል የሰነበትነው ሰንበት የማያውቃቸው ሰዎች ባወጡት መንገድ ላይ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ማንም የቀኑን ነገር አላነሣም። ደረጃውን አፍርሰን፣ ዝቅ እያደረግን፣ መርገጫውን እያሰፋን እስኪመሽ ቆፈርን። በዚያ ቀን ስንት ድንጋይ እንደተነሣ አላውቅም።

ማክሰኞ ሴትዮዋ ሸክማቸውን ይዘው ተመለሱ። የመጀመሪያውን ደረጃ በእግራቸው ጫፍ ዳበሱት፤ ወረዱ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውንም ወረዱ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙና ወደ አሮጌው መንገድ ዞሩ።

ግንበኛው ምንም ሳይል ድጅኖውን አነሣ።