ስለ ነከሰ ሞተርና ምክንያቱን ስለ መፈለግ

አንድ ዕቃ ሲበላሽ ሰውን ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል፤ አንደኛው የተበላሸውን ማቅናት ሲሆን ሁለተኛው ያበላሸውን ማወቅ ነው። የመጀመሪያው ለዓይን ስለሚታይ ዋጋ ይከፈልበታል፤ ሁለተኛው ግን ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እንግዲህ ምክንያቱን ሳይመረምር ዕቃውን ያስነሣ ሰው ጠገነ ይባላልን? ወይስ ጉዳቱን ለሌላ ቀን አሳደረው? ይህን ጥያቄ በጋራዥ ወለል ላይ ማየት ይሻላልና፣ የነከሰ የሞተር ብስክሌት ሞተርን እንመልከት።

ባለ ሁለት ምት ሞተር እንደ ባለ አራቱ ዘይቱን ከሥር አጠራቅሞ አይጠቀምም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ይገባል፤ ሥራውንም ሠርቶ አብሮ ይቃጠላል። እንደ ሠሪው ትእዛዝ ለአንድ ሊትር ቤንዚን ከ20 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ኩብ ዘይት ይጨመራል፤ ያማሃ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 እንዳወጣው ያለው ግን ዘይቱን ለብቻው በትንሽ ፓምፕ ይመግባል። ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፤ ሲሊንደሩ በብዙዎቹ ዘንድ ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲግል ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ ከዚህም በላይ ሲሊንደሩ በክንፎቹ ነፋስ ሲቀበል ፒስተኑ እሳቱን ፊት ለፊት ይጋፈጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር ዐሥረኛ እጅ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ዘይት የጎደለ ወይም ሙቀት የበዛ እንደ ሆነ ክፍተቱ ይጠፋል፤ አሉሚኒየሙም ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። መካኒኮቻችን «ነከሰ» የሚሉት ይህን ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቃልም አይገኝለትም።

ሞተሩ በሩጫ ላይ ሲነክስ የኋላው ጎማ ይታሰራል። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ያልጨበጠ ነጂ ሊወድቅ ይችላል፤ ከኋላው የጭነት መኪና የሚከተለው ከሆነ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም።

ፈተናው የሚመጣው ሞተሩ ሲበርድ ነው። ብዙ ጊዜ ፒስተኑ በርዶ ሲኮማተር ይለቃል፤ ሞተሩም ይነሣል፤ ባለቤቱም «ዳነ» ይላል። ካልለቀቀ የእግር ማስነሻውን በጉልበት መርገጥ ሌላ ስብራት ይጨምራልና፣ በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት አፍስሶ ማሳደር ይሻላል። ከዚያ ቴስታታውና ሲሊንደሩ ይወጣሉ። ችኩል መካኒክ እዚህ ላይ የብርጭቆ ወረቀቱን ያነሣል፤ ጭረቱን ፍቆ፣ አዲስ ፋሻ አስገብቶ ማታውን ያስረክባል። ነገር ግን የፋቀው ጭረት ምስክር ነበረ። ምስክሩን ሳይሰማ ያሰናበተ ዳኛ ምን ይባላል?

ጭረቱ በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ከሆነ ሙቀት መብዛቱን ያመለክታል፤ ዙሪያውን ሁሉ ደርቆ የተቧጠጠ ከሆነ ዘይት መጉደሉን፤ በአራት ቦታ እንደ ማዕዘን ከታየ ደግሞ ሲሊንደሩ ሳይሞቅ ፒስተኑ ቀድሞ መስፋቱን። ካንዴላው የነጣ እንደ ሆነ ቤንዚኑ አንሶ አየሩ በዝቷል ብሎ መጠርጠር ነው። አየሩ በተቀደደ ጓርኒሲዮን ወይም ባረጀ የኮሎ ፓራሊዮ ሊገባ ይችላል። አንድ ምልክት ብቻውን አይፈርድም፤ እርስ በርሳቸው ማመሳከር ያስፈልጋል።

ቶሎ የሚሰጠው ፍርድ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ዘይት አሳንሰሃል!» ይባላል። ባለቤቱ ደንግጦ በሚቀጥለው ጊዜ ዘይቱን እጥፍ ያደርጋል። ልብ በል፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በዚያችው ጠባብ ቀዳዳ ዘይት በበዛ መጠን የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል፤ አየሩ ግን እንደ ነበረ ነው። ሕመሙ ቀድሞውንም የቤንዚን ማነስ ከነበረ ሞተሩ ይብሱን ይግላል። በውሸት ጥፋተኛ የተባለ ሰው በገባው ንስሐ ጉዳቱን ሲያባብስ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ደግሞም ጥፋተኛ የማይገኝበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ብልህ መካኒክም በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥነውን ቀዳዳ ጠበብ ያለ ያደርገዋል። ያው ሞተር ብስክሌት ወደ አዋሽ ቆላ የወረደ እንደ ሆነ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ሞተሩም ሊነክስ ይችላል። መካኒኩ ትክክል ሠርቷል፤ ነጂውም ዘይቱን በልክ ጨምሯል። ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድ ነጂው ቤንዚኑን ዘግቶ በማርሽ ይይዘዋል፤ ይህም በሌላ ሞተር ጥሩ ልማድ ነው። በዚህኛው ግን ፒስተኑ እየሮጠ ዘይት አያገኝም። የስዊድን ሳብ ኩባንያ ባለ ሁለት ምት መኪናዎቹን ሲሠራ፣ ቤንዚኑ ሲለቀቅ መኪናው ሞተሩን ሳያስገድድ በነጻ እንዲንከባለል ያደረገው ስለዚህ ነው። ለብልሽት ሁሉ ምክንያት አለው፤ በደለኛ ግን ላይኖረው ይችላል።

«ይህ ለባለ ገንዘብ ነው» የሚል ተቃዋሚ ይመጣ ይሆናል። በሞተር ብስክሌቱ ዕቃ እያደረሰ የሚኖር ወጣት «ወንድሜ፣ ዛሬ ብቻ አስነሣልኝ፤ ነገ ሥራ አለኝ» ቢል መካኒኩ ምን ያድርግ? ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ ድኻን በሙሉ ሥራ ስም ማስራብም ጭካኔ ነውና። እኔ እንደሚመስለኝ ችግር ሥራውን ሊያሳጥር ይችላል፤ ቃሉን ግን ሊያሳጥር አይችልም። በሲሊንደሩ የተለጠፈው አሉሚኒየም በጥንቃቄ በኮስቲክ ሶዳ ሲጸዳ ብረቱ ሳይጎዳ ይቀራል፤ ልኩ ከደንቡ ካላለፈ መልሶ መግጠም ነውር የለበትም። ካለፈ ግን በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር አስፍቶ በዚያው ልክ ፒስተን መግጠም ግድ ነው፤ ይህም ቀን ይፈጃል። መካኒኩ የማይፈቀድለት ዝምታ ነው። «አስነሥቼዋለሁ፤ ምክንያቱን ግን አላገኘሁም፤ በቀስታ ንዳ፤ እጅህም ከፍሪሲዮኑ አይራቅ» ማለት ምናልባት ደንበኛ ያሳጣዋል። ቢሆንም ይበል።

ጊዜ የለም የሚለውም ምክንያት ሲመዘን ቀላል ነው። ሞተሩ አየር ይሰርቅ እንደ ሆነ ለማወቅ የመግቢያውንና የመውጫውን በር በአሮጌ ከመነዳሪ ጎማ ደፍኖ፣ በእጅ ፓምፕ ጥቂት አየር አስገብቶ፣ በሳሙና ውሃ አረፋ የሚያወጣውን ቦታ ማየት ነው። ሥራው ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም።

የተቧጠጠውን ፒስተን መካኒኩ አይጣለው፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ለባለቤቱ ይስጠው፤ ጭረቱ በየት በኩል እንደ ሆነም በጣቱ ያሳየው። ባለቤቱ ባይገባው እንኳ፣ ሞተሩ እንደገና የነከሰ ቀን ሌላው መካኒክ ያነበዋል።