ልጅን በሰው አገር ስለ መጠየቅ

በአማርኛ ቋንቋችን «ጠየቀ» የሚለው ቃል ሁለት አገልግሎት አለው። አንደኛው ያላወቁትን ነገር እንዲነግር ሌላውን ሰው በቃል ማነጋገር ነው፤ ሁለተኛው የታመመውን፥ የታሰረውን፥ ያዘነውን፥ ከዘመድ የተለየውን ሰው እደጁ ድረስ ሄዶ ማየት ነው። በግዕዝም «ጠየቀ» ማለት መረመረ፥ ተረዳ፥ አረጋገጠ ማለት ሲሆን «ጥዩቅ» የሚባለው የማያጠራጥረው ነገር ነው። እንግሊዞች ለሁለቱ ተግባር ሁለት ልዩ ልዩ ቃል አላቸው። የእኛ አባቶች በአንድ ቃል መጠቅለላቸው ግን ቃል አንሷቸው አይደለም። ሳይሄድ የሚጠይቅ ወሬ ይሰማል እንጂ እውነቱን አያገኝም፤ ሄዶ የማይጠይቅም ዓይኑ ይጠግባል እንጂ ልቡ አይረዳም።

ይህን ለመናገር ምክንያት የሆነው በዚህ ዘመን በብዙ ቤት የሚታየው ልማድ ነው። ልጅ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፤ ሁለት ሦስት ዓመት ከቆየም በኋላ ወላጆቹ ቪዛ አውጥተው በአውሮፕላን ተሳፍረው ሊጠይቁት ይሄዳሉ። በቀድሞው ሥርዓት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ሲወርድ፥ አባቱ እንዳይመልሰው ወዴት እንደ ሄደ ሳይናገር የሚጠፋ ብዙ ነበር። አባት መጣ የተባለ እንደ ሆነ ደስታው ከፍርሃት ጋር ነው፤ አባት ለከብት ጠባቂነት ሊወስደው መጥቶ ይሆናልና። የአሁኑ ተማሪ ግን ወላጆቹን ራሱ ይጠራል፤ ራሱም ይቀበላል።

ከዚህ አንድ አስቸጋሪ ነገር ይመጣል። በሰው አገር መንገዱን የሚያውቅ ልጁ ነው፤ ቋንቋውን የሚናገር፥ ሒሳቡን የሚከፍል፥ የት እንደሚታደር የሚወስን ልጁ ነው። አባት በሸመገለ ዕድሜው እንደ ሕፃን እጁን ተይዞ ይሄዳል። እንግዲህ አባትንና እናትን ስለ ማክበር የተሰጠው ትእዛዝ በዚያ ስፍራ በምን ይፈጸማል? መሪው ልጅ ሲሆን የተመሪው አባት ክብር ምንድር ነው?

አንድ የጎንደር ልጅ በስኮትላንድ አገር በኤድንብራ ከተማ ይማራል እንበል። የእንግሊዝ መንግሥት ሕግ የውጭ አገር ተማሪ በትምህርት ወራት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት እንዲሠራ ስለሚፈቅድ፥ ልጁ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሌሊት ሌሊት ይሠራል። የማያውቃቸውን ሽማግሎች ያጥባል፥ ያለብሳል፥ ያጐርሳል። በአንዱ ትምህርትም ወድቆ ዓመት ተጨምሮበታል። ከሁለቱ አንዱንም ለወላጆቹ አልነገራቸውም። ወላጆቹም በበኩላቸው ለመንገዱ ገንዘብ ሲሉ ከቤታቸው ጎን የነበረውን ቦታ ሸጠዋል፤ እነርሱም ይህን አልነገሩትም። ይህ የአንድ ቤት ታሪክ አይደለም፤ ስሙንና አገሩን ቢለውጡት ብዙ ሰው የራሱን ያገኝበታል።

ልጁ ታዲያ ምን አደረገ? መኪና ተከራየ።

ከኤድንብራ ተነሥቶ በሎክ ሎሞንድ ሐይቅ ዳር ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ በእውነት ያማረ ነው። ራኖክ ሙር የሚባለውን ሰፊ ረግረግ ያቋርጣል፤ ከዚያ ግሌንኮ ወደሚባለው ጥልቅ ሸለቆ ይወርዳል፤ ፎርት ዊልያም ከደረሰ በኋላ ወደ ምዕራብ የሚገነጠለው መንገድ፥ ባለ 21 ቅስት የባቡር ድልድይ ባለበት በግሌንፊናን በኩል አልፎ እስከ ባሕሩ ዳር ይዘልቃል። ከዚያ በጀልባ ወደ ስካይ ደሴት ይሻገራሉ። በደሴቱ ላይ መንገዱ በብዙ ስፍራ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ስለ ሆነ፥ አንዱ በተዘጋጀው መተላለፊያ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል፤ ያለፈውም እጁን አንሥቶ ያመሰግናል። አባትየው በዚህ እጅግ ደስ አላቸው፤ ባለፈው መኪና ሁሉ ላይ እርሳቸውም በተራቸው እጅ ይነሡ ጀመር። እናትየው ደግሞ የተቸገሩት በፀሐይዋ ነው። ወሩ ሰኔ ነውና በዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው፤ የሐዋርያት ጾምም ስለ ሆነ በየትኛው ሰዓት እንደሚፈስክ ሰው ለመጠየቅ ስፍራው አልነበረም። ልጁ ቤን ኔቪስን በሩቅ እያሳየ በብሪታንያ ከእርሱ የሚበልጥ ተራራ እንደሌለ፥ ቁመቱም 1,345 ሜትር እንደ ሆነ ነገራቸው። የጎንደር ገበያ ራሱ ከ2,000 ሜትር በላይ መሆኑን ማንም አላነሣም። አባትየው «መልካም ተራራ ነው» ብለው ዝም አሉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ልጁ ለአንዲት ሰዓት ዝምታ አልተወላቸውም። ፏፏቴው ሲያልቅ ግንቡ ይመጣል፤ ግንቡ ሲያልቅ ፎቶግራፍ ይነሣል። ልጁ ይህን ያደረገው ከክፋት አይደለም፤ ከፍቅር ነው። እንዳያዝኑ ብሎ ነው። ነገር ግን ሳያስበው ወላጆቹን እንግዳ አደረጋቸው። እንግዳ ሲመጣ መልካሙን ያቀርቡለታል፥ ከፍ ካለው ስፍራ ያስቀምጡታል፥ የቤቱን ችግር ግን ይሸሽጉበታል፤ ለእንግዳ ይህ ተገቢ ነው። ለወላጅ ግን እንዲህ ያለው አቀባበል በክብር ልብስ የተሸፈነ መራቅ ነው። ወላጅ የቤት ሰው ነውና ጓዳውን ቢያይ አይነወርም፤ ጓዳው የተዘጋበት እንደ ሆነ ነው የሚዋረደው።

የዮሴፍን ታሪክ የሚያነብ ሰው ይህን ያስተውላል። ዮሴፍ ለወንድሞቹ ራሱን ከገለጠ በኋላ በግብጽ ያለውን ክብር ሁሉ ለአባቱ እንዲነግሩ አዘዛቸው፤ ሠረገላም ላከ። ያዕቆብ ግን መልእክቱን ሰምቶ ሲናገር ስለ ክብሩ አንድ ቃል አላነሣም። የበቃው ልጁ በሕይወት መኖሩ ነው፤ የፈለገውም ሳይሞት እርሱን ማየት ነው እንጂ ግብጽን ማየት አይደለም። ዮሴፍም ይህ የገባው ይመስላል፤ ሠረገላውን ጭኖ እስከ ጌሤም ድረስ ራሱ ወጥቶ በአንገቱ ላይ ወድቆ አለቀሰ እንጂ፥ የፈርዖንን ቤት እያዞረ እንዳሳየው አልተጻፈም።

በሌላ በኩል ጠያቂ የሆነ ሰው ያማረውን አገር እንኳ ከነዋሪው ይልቅ ሊያውቀው ይችላል። ልጁ በዚያው መንገድ ከባልንጀሮቹ ጋር ሁለት ጊዜ አልፏል፤ አረንጓዴውን ሸለቆ፥ በጎቹን፥ ጸጥታውን አድንቆ ተመልሷል። አባትየው ግን በስካይ ደሴት በመንገዱ ዳር ጣራ የሌለው የድንጋይ ካብ አይተው፥ «ልጄ፥ ሰዎቹ ወዴት ሄዱ?» አሉ። ልጁ «እዚህ ሰው አልኖረም ይሆናል፥ አባባ» ቢልም፥ አባትየው ካቡን በእጃቸው እያመለከቱ «ይህ እኮ የቤት መሠረት ነው፤ ያውም የእርሻ ትልም አጠገቡ አለ» አሉት። ልጁ ያን ጊዜ መመርመር ጀመረ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከ18ኛው ምዕት ዓመት እኩሌታ ወዲህ በስኮትላንድ ደጋ ያሉ ባለርስቶች፥ ከጭሰኛው ግብር ይልቅ የበግ ጠጉር ገንዘብ እንደሚያገባ አይተው ሕዝቡን ከየሸለቆው ያስወጡ ጀመር፤ ይህም እስከ 19ኛው ምዕት ዓመት ድረስ ቀጠለ። በስካይ ደሴት ቦሬሬግ የምትባለው መንደር ሕዝቧ የተባረረው በ1853 ነው። ብዙዎቹ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራልያ ተሰደዱ፤ በዚያ ዘመን እንዲህ የተለያዩ ወላጅና ልጅ ብዙዎቹ ዳግመኛ አልተያዩም። ጸጥታ የመሰለው ነገር ሰው የተነቀለበት ባዶነት ነው። ልጁ ሁለት ጊዜ አይቶ ያላገኘውን አባትየው አንድ ጊዜ ጠይቀው አገኙት።

ልጁ በሚማርበት በኤድንብራ ከተማም እንዲሁ ያለ ነገር ሆኖ ነበር። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈ አንድ ታቦት በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን በቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ለብዙ ዘመን ማንም ሳያስተውለው ኖረ። በ2001 ኢትዮጵያን የሚያውቅ አንድ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ካህን አይቶ ምን እንደ ሆነ ተረዳ፤ በ2002ም ወደ አገሩ ተመለሰ። ያለፈው ሁሉ ዓይን ነበረው፤ የጠየቀ ግን አንድ ሰው ነው።

ይሁን እንጂ መጠየቅ ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። ልጁን እንደ ዳኛ እንደ ቀራጭ የሚጠይቅ ወላጅ አለ፤ ስንት አገኘህ፥ መቼ ትጨርሳለህ፥ የእገሌ ልጅ ቤት ሠራ የሚል። እንዲህ ያለውን ፈርቶ ልጅ ተራራ ቢያሳይ ማን ይፈርድበታል? እግዚአብሔር በገነት አዳምን ወዴት እንዳለ የጠየቀው ስፍራው ጠፍቶበት አይደለም፤ ከተሸሸገበት ራሱ ወጥቶ የሚናገርበትን በር ሲከፍትለት ነው። የወላጅም ጥያቄ እንዲህ መሆን አለበት። እናት ብዙ ጊዜ ነገሩን አስቀድማ አውቃዋለች፤ የምትጠይቀው ልጇ ብቻውን እንዳይሸከመው ነው።

መልሱን ወላጅ ላይረዳው ይችላል የሚልም አይጠፋም። ጌታችን በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ ከመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ፥ እናቱና ዮሴፍ ሦስት ቀን ፈልገው አገኙት። እናቱም ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቀችው። መለሰላት፤ እነርሱም የነገራቸው ነገር አልገባቸውም። ነገር ግን አይገባችሁም ብሎ ዝም አላለም፤ እነርሱም ስላልገባቸው አልተቈጡም፤ እርስዋ በልቧ ጠበቀችው፥ እርሱም አብሯቸው ወርዶ ታዘዘላቸው።

ጊዜም አለው። ያዕቆብ በግብጽ 17 ዓመት ከዮሴፍ አጠገብ ኖረ። ያን የደም ልብስ አይቶ ያለቀሰ አባት፥ ልጁ እንዴት ወደ ግብጽ እንደ ወረደ፥ ማን እንደ ሸጠው ጠይቆ ይሆን? መጽሐፍ አይናገርም። ምናልባት ጠይቆ ይሆናል፤ ምናልባትም ከአሥራ ሁለቱ ልጆቹ አሥሩን እንዳያጣ ብሎ ጥያቄውን ይዞ ወደ መቃብር ወርዷል። እንዲህ ያለው ዝምታ ከዚያ ከልጁ ሽሽት ጋር አንድ አይደለም።

በመመለሻቸው ቀን ከስካይ በድልድዩ ተሻግረው በግሌን ሺል ሸለቆ ሲሄዱ ዝናብ ወርዶ ተራራውን ሁሉ ሸፈነው፤ የሚታይ ነገር ጠፋ። ሦስቱም ወደ ፊት ስለሚመለከቱ አንዱ የአንዱን ፊት አያይም። እናትየው ከኋላ ሆነው መሪውን የያዘውን እጁን ሲያዩ ቆይተው፥ «ልጄ፥ ይህ እጅህ እንዲህ መላጡ ምን ነክቶት ነው?» አሉት። ብዙ ጊዜ ከመታጠብ ነው አለ። ከምን እንደሚታጠብ ጠየቁት። ያን ጊዜ ስለ መጦሪያ ቤቱ፥ ስለ ሌሊቱ፥ በመጨረሻም ስለ ወደቀበት ትምህርት ነገራቸው። አባትየው ብዙ መንገድ ዝም ብለው ሄዱ። ኋላ «እኛም የጎኑን ቦታ ሸጠነዋል» አሉ፤ ከዚያም በላይ ስለ ገንዘብ አልተነጋገሩም።

ኢንቨርጋሪ ሲደርሱ አባትየው እንደ ገና ተናገሩ። «የምታጥባቸው ሽማግሌ፥ ልጆች አሏቸው?»

«ሁለት አሏቸው፥ አባባ።»

«ይጠይቋቸዋል?»

«ለገና ይመጣሉ» አለ ልጁ።